ከሦስተኛው ደረጃ

በመንደራችን ውስጥ የዋና መምህር የለም፤
ባሪሳል ላይ ውኃን አስፈቅዶ የገባ ልጅ እኔ አላየሁም።
ክረምት ሲበረታ ወንዙ ራሱ ይመጣል፣
ጓሮውን አቋርጦ ደጃፍ ይቀመጣል፣
ዳክዬው ከአልጋ ሥር ገብቶ ይዋኛል።
እናት ልጇን ቆጥራ፣ ደግማ ትቆጥራለች፤
ቁጥሩ ካልገጠመ ኩሬውን ታያለች።

እኛን ያስተማረን፣ ፍሬውን ጨርሶ
በመጥረቢያ ስለት የወደቀ ሙዝ ነው፤
ግንዱን አቅፈን ስንገባ ያሙለጨልጫል፣
ጭማቂው የልብስ ጠላት፣ ሳሙናም አያስለቅቀው።
ግንድ ያላገኘ ልጅ የናስ እንስራ ይዞ፣
አፏን በውኃ ደፍቶ፣ በሆዷ አየር ተጉዞ።

ጉንዳንም በልተናል።
«ስኳር ውስጥ የሞተ ጉንዳን የበላን ልጅ
ውኃ አይውጠውም» ይላሉ ትልልቆቹ።
ሞይና ሰባት ዋጠች፤ ሊቶን አሥራ አንድ፤
ሊቶን በዚያው ዕለት ዘሎ ገባና ወረደ እንደ ጉድ።

ያወጣው ቀርከሃ ነው።
ቀርከሃው የጆሪና፣ የአባቴ እኅት፣
ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጢጥ ብላ
ድስት በአመድ ስትፈትግ የምትውልበት።
እጇ ድስቱ ላይ ነው፣ ዓይኗ ግን እኛ ላይ፦
«እግርሽን እንደ እንቁራሪት! ሞይና፣ አትንፈራገጪ!
አገጭ ቀና! ቀና! ሰማዩን አፍጥጪ!
ሊቶን፣ ኩሬው የጋራ ነው፣
ብቻህን ጠጥተህ አትጨርሰው!»

እኔ የዋኘሁ ቀን፣ ዋኘሁ አላልኩም።
ግንዱ ከእጄ አምልጦ እምቦጩ ውስጥ ገባ፤
ልይዘው ብከተል ሸሸ፤ ብከተል ሸሸ።
ዞር ብዬ ሳይ ርቆኛል ሦስተኛው ደረጃ፣
ከእግሬ ሥር መሬቱ መቼ እንደ ሄደ እንጃ።
ጆሪና ፍተጋዋን አቆመች።
«ተመለሺ» አላለች፣
ስሜን አልጠራች፣
አመድ ባለው እጇ አፏን ከድና ቆመች።
ስወጣ ከንፈሯ ዙሪያ ግራጫ ጢም አበቀለች፤
ሳቅሁባት። አልሳቀች።

በሌላ ቀን ድስቷ፣
ያው የሩዝ ድስቷ፣ ከእጇ ተንሸራቶ
ሄደ እየዋለለ፣ እንደ ዳክዬ ኮርቶ።
አራተኛው ደረጃ ላይ እግሯን አሳረፈች፤
ቁርጭምጭሚቷ ሲርስ፣ መልሳ ሰበሰበች።
እኔ ዋኝቼ አመጣሁላት፤
«አንቺ ለምን አልዋኘሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

የሳሪዋን ጫፍ ጨመቀች፣ ደረቅ የነበረውን።
«መንታ ወንድም ነበረኝ፤ ቱኩ ይባል ነበር።
ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ሲሉ
እውነት ነው፤ እየሳቀ ነበር።
ከዚያ ወዲያ እናቴ በሳሪዋ ጫፍ
ከአልጋው እግር ጋራ ታስረኝ ጀመር፣
እሷ ሩዝ ስትፈትግ፣ እሷ ሜዳ ስትውል፣
ከቋጠሮው በላይ ትልቅ እስክሆን ድረስ።
ቋጠሮው እንዴት እንደሚፈታ አውቃለሁ፤
የማላውቀው ከተፈታ ወዲያ ያለውን ነው።»

ምሽት ላይ፣ ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣
ትንኞች እንደ ጭስ ኩሬው ላይ ሲወርዱ፣
ቀርከሃውን ለሞይና አስይዛ ገባች፦
አራተኛ። አምስተኛ። ስድስተኛው ላይ ጮኸች።
ሳሪዋ እንደ ድንኳን ዙሪያዋን ተነፋ።
አገጯን በመዳፌ ያዝሁላት፤
ለካ ከባድ ነው፣ የትልቅ ሰው ራስ።
«ቀና! ሰማዩን አፍጥጪ!» አልኋት በራሷ ድምፅ፤
ሞይና ከላይ ሆና ቀርከሃውን አነቀችው፣
ሊቶን እንኳ ዝም አለ።
አንድ እግሯ ተነሣ። ሌላው እንቢ አለ፣
ሰባተኛዋን ደረጃ በአውራ ጣቱ እንደያዘ።

«ጉንዳን በልተሻል?» አልኋት።
ውኃ ተፋች።
«የዛሬው ስኳር» አለች፣ «ጉንዳን ብቻ ነበር።»