ቁልቁል የሚያይ መኪና

ከእህል ጎታው ጀርባ፣ አቧራ ጠጥቶ፣
አንድ ጎማ ጎድሎት፣ ቀለሙ ጠፍቶ፣
ወድቆ አገኘሁት ያባቴን ኤንትሬ፣
ሃምሳ ዓመት የቆመ፣ ነዳጅ ሳይል እስከ ዛሬ።

አባቴ ረዳት ነበር፣ የደሴ መንገድ ሰው፣
ከጭነቱ በላይ ብርድ የሚለብሰው፤
የጣርማበር ዳገት ኤንትሬውን ሲያስምጥ፣
ሾፌሩ «ታኮ!» ሲል፣ ዘሎ ከኋላ የሚሮጥ።
ይኼንን ነው የማውቀው። ሌላውን አልነገረን።
አንድ የጉም ሌሊት ላይ በእግሩ መጣ አሉን፣
ክንዱ ሥር ጨርቅ ጠቅልሎ።

ከዚያ ወዲያ መኪና አልተሳፈረም፤
ለሩቅ ለቅሶ ቢጠራ፣ በእግሩ ካልሆነ አይሄድም።
በገበያው ቀን እህል ይሰፍር ነበር፣
ቁና እየገለበጠ፣ ቃል ሳይናገር።
በዚያ ክረምት ነው፣ እሳት ዳር ተቀምጦ፣
ይኼን የሠራልን፣ በካራ ፍቆ፣ ቆርጦ።
እኔና ወንድይፍራው እየተጣላንበት፣
«መሬት መሬት ያያል፣ አፍንጫው ወርዶበት!
አባባ፣ ጎበጠ!» ብለን ስንስቅበት፣
በጋቢው ጫፍ ዓይኑን አበሰ።
ጭስ ነው አልንለት።

አሁን እኔ አናጢ ነኝ፤ በርና መስኮት፣
ሰው የሞተ እንደሁ ደግሞ ሳጥን፣ በሌሊት።
የልጄ ልጅ ሶልያና ናት ያመጣችብኝ ጣጣ፦
«ልክ እሱን የመሰለ፣ ግን ጎማው የማይወጣ።»

እሺ አልኩ። ለገላው ከፈረሰ በር የጥድ ጣውላ፣
ለጎማው፣ ክብ ክብ አድርጌ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ዱላ፤
ለመብራቱ ሁለት ቆርኪ፣ ለመሪው ሽቦ፣
ለካቢናው ጣራ የዘይት ቆርቆሮ ታጥቦ።

ልክ ልወስድ አሮጌውን ገልብጬ ሆዱን ብጠርገው፣
ጥቁር ነገር ነክሶታል፤ ቀለም ሳይሆን ጎማ ነው።
ከኋላው ቀዳዳ አለ፣ ገመድ የሚያልፍበት፣
ረዳት ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥልበት።
ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ዓይኔን ተጠራጥሬ፣
እርሳሴን ከጆሮዬ፣ ስኳድራዬን ከጥግ ቆፍሬ።
አልጎበጠም ወይራው፤ እጁም አልሳተም ነበር፤
ያ መዝቀዝቀዝ ኖሯል፣ ከካራው በፊት የነበር።

ታኮ ነው።

ታኮው ቤት ገባ። መኪናውስ?
ሾፌሩስ? ስሙ ማን ነበር?
ከጭነቱ ላይ ስንት ሰው ነበር?
ማንን ልጠይቅ? ወንድይፍራው ከአፈር በታች፣
አባቴ ከአፈር በታች፣
እናቴም ብታውቅ ኖሮ፣ ይዛው ነው የሄደች።

መጋዜን ይዤ ቆምኩ።
ላቅናው? የተጣመመ ማቅናት አይደል እንጀራዬ?
ደግሞ «ልክ እሱን» ብላለች፤ ቃሏ ገባ ከጆሮዬ።
አዘቀዘቅሁት። ከኋላ አምስት ጣት፣ ከፊት ሦስት።
የጥዱ ፍቅፋቂ እግሬን እስኪሸፍነው ድረስ ስሠራ አመሸሁ፤
መብራት ሄደ፣ በሻማ ጨረስኩት።

«ለምን መሬት ያያል?» አለች እሷም፣ እንደኛ ድሮ።
«ቁልቁለት ያውቃል» አልኳት፤ «ፈርቶ አይደለም፣ ተምሮ።»

ደብረ ሲና የት ሜዳ አለ? ደጃችንም ዳገት ነው።
ፊቱን ወደ ጣርማበር አዙራ ድንጋዩ ላይ አቆመችው፤
ወደ ኋላ ሄደ።
ሮጣ ያዘችው። መለሰችው።
ደግሞ ሄደ።
ተናደደች።

ከዚያ ማንም ሳይነግራት፣
አሮጌውን አነሳች፣ ሦስት ጎማ የቀረውን፣
አፍንጫውን አስቀድማ
ከአዲሱ የኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠችው፤
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ገመድ ዝላይዋ ሄደች።

ጉሙ ከላይ ወረደ፤ በርበሬ የተሰጣበትን ጆንያ
ጎረቤቶች ተሯሩጠው ሰበሰቡ።
እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ፣
ኤንትሬውን እያየሁ።

ቆሟል።