እርጥብ ምንጣፍ

በረዶው ሲቀልጥ ኦኒ ላይ፣ ሪዮኒ ደፍርሶ ሲወርድ፣
መጣች ፖስተኛዋ ላምዚራ፣ በትራክተር ተጎትታ በግድ።
ኒቫዋ ቀለሟ የገረጣ፣ በሯ በሽቦ የታሰረች፣
የአሥር መንደር ደብዳቤ በሆዷ ይዛ የኖረች።
«ኩታይሲ ወስጄያት ነበር» አለች ጓንቷን እያወለቀች፣
«ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር አሉኝ፣ የሁለት ላም ዋጋ…» ዝም አለች።

የአጎቴ የኦቲያ ግራ ጆሮ ከድሮም አይሰማም፤
ቀኙም ዘንድሮ ደከመ፤ ይህን ግን ማንም አያነሣም።
ከንፈሯን አይቶ ሰማና፣ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፣
ካልሲ ባጠለቀ እግሩ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ረገጠ።

«ና ቤሶ፣ አንተም ሞክረው» አለኝ።
ወለሉ ድረስ ወረደ፣ አንዳች ሳይከራከር፣
የጠየቁትን ሁሉ «አዎ» እንደሚል የውሸት ምስክር።
ደጋግሜ ስመታው ግን፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣
ትንሽ ከፍ አለ፣ ጠነከረ፤ ተስፋ አደረገ አንጀቴ።
ይዤው ስቆይ መልሶ ሰመጠ፣ ቀስ በቀስ፣ ከእግሬ ሥር፣
ሰው ሳያየው እንደሚወጣ እንግዳ፣ ያለ ስንብት፣ ያለ ነገር።
ኋላ ማርሽ ሳስገባማ ካምቢዮው ጥርሱን አፋጨ፣ አንቋረረ፤
የላምዚራ ፊት፣ የእሷ ጥርስ የተነቀለ ያህል፣ ተኮማተረ።

ኦቲያ ሳቀ። ጺሙን እያሻሸ አንገቱን ነቀነቀ፤
«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል። ኩታይሲ ያሉት ሰዎች
እንባ አይተው ዓይን ሊያወጡ ነበር፤ አፍንጫውን ማን ጠየቀ?»

ኮፈኑን ከፈትን። የዘይቷ ማጠራቀሚያ፣ ያቺ ትንሽ ጠርሙስ፣
ከመስመሩ በታች ወርዳለች፤ የቀራት ጥቁር ነው፣ ጎሚኒ የበላ ድፍርስ።
ከመኪናዋ ሥር ገብቼ የታችኛውን ፖምፓ ዳሰስኩ፤
የአቧራ መከላከያውን ገልጬ ጣቴን ሰደድኩ፤
ደረቅ። እሱ ሲረግጥ ቱቦውን ጨበጥኩ፤ አያብጥም፤ ደረቅ።
ዘንጉ የምስማር ራስ ያህል ተነቃነቀ፤ ከዚያ በላይ አይርቅ።
«ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤
ሲሚንቶው ላይ እንኳ አንዲት ጠብታ የለም።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ጫን አለው በአውራ ጣቱ፤
ረጥቧል። «በረዶ ነው» አለች ላምዚራ፣ «የቦቲዬ፣ የክረምቱ።
ደብዳቤ አድዬ ስገባ ይቀልጣል፤ ይኸው ከገና ጀምሮ፣
አንድ ቀን ደርቆ አያ…» ቃሏ ቆመ፣ እንደ ኒቫዋ፣ ዳገት ላይ ተገትሮ።

ኦቲያ ጣቶቹን አሻሸ፣ አሸተተ፣ ለእኔም አቀረበልኝ፤
ውሃ አይደለም፣ ያዳልጣል፤ የቆየ ዓሣ ሽታ መሰለኝ።
የእጅ ባትሪ አበራን። ከፔዳሉ በላይ፣ ከላይኛው ፖምፓ አፍ ሥር፣
ዘይቱ ቀለሙን እየበላ ወርዷል፤ የአንድ ክረምት ምስጢር።
«ይኸውልሽ አፍንጫው።»

ዋጋውን ሲነግራት ሦስቴ ጠየቀችው፤ አላመነችም፤
ሁለት ላም ልታስነዳ የነበረች ጎሚኒ የጫጩት ዋጋ አላወጣችም።

ከዚያ አየር ማውጣት ሆነ። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች በጀርባዬ።
«ርገጪ!» ስል፣ «ያዢ!» ስል፣ ብሎኑን ሩብ ዙር ስፈታ፣
በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ አረፋው ቡልቅ ይላል በእርጋታ።
«ሳልዘጋው እንዳትለቂ!» አንዴ ግን ቸኩላ ለቀቀችው፤
አየሩን መልሶ ጠጣ፤ እንደገና። እግሯን ሰደበችው።

ሲመሽ ፔዳሉ ከላይ ያዘ፣ ሲጨብጡት መልሶ እንደሚጨብጥ እጅ።
ኦቲያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ ቆመ፣ ከደጅ።
ላምዚራ ኋላ ማርሽ አስገባች። እኔ ዝምታውን ሰማሁ፤
እሱ በምን እንዳወቀ እንጃ፤ ፈገግ ሲል ብቻ አየሁ።

ምንጣፉን አጥር ላይ ረስታው ሄደች።
ሌሊቱን የመጋቢት በረዶ ተመለሰ፤
ጠዋት ወጥቼ አገኘሁት፤
ረጥቧል። በረዶ ነው።
ለማንኛውም አሸተትኩት።