ጥያቄ ቁጥር አርባ አንድ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣
ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ የማይገጥም በር፤
ይኸው ነው ቤታችን፣ የእኔና የውብዳር።
በሶው በፌስታል ነው፣ ድርቆሹ በከረጢት፤
ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት የሄደ ለት
ሻማ ለሁለታችን፣ ግማሽ ግማሽ ፊት።

ዛሬ ባዮሎጂ ነው።
እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤
ስስት ኩርኩም አለ፣ ሲገባኝ እስቃለሁ።
"የእንቁራሪት ልብ ሦስት ክፍል፣ የሰው ደግሞ አራት"፤
የውብዳር ዞር ዞር ብላ ቤቱን አየችና፣
"እኛ ለሁለት አንዲት!"

ጥያቄው በእንግሊዝኛ፣ ክርክሩ በአማርኛ፤
ኦስሞሲስ ሲመጣ እሷ ሆነች ዳኛ።
"እናትሽ ድንች ከትፋ ጨው ስትነሰንስበት፣
ያ ውኃ ከየት መጣ ሳህኑ የሞላበት?"
"ከድንቹ ነዋ!" አልኩኝ።
"ታዲያ 'ቢ'ን ምን አስከበበሽ?
ለድንች የምታውቂውን ለወረቀት ነፈግሽ?"

"ወንድ ንብ አባት የለው፣ አያት ግን አለው"፤
ይኸን ባለፈው እሑድ ለአባቴ ብነግረው፣
ከቀፎው ሥር ቆሞ፣ ጢሱን እያራገበ፣
ትንሽ አሰበ።
"ታዲያ ለዚህ ነዋ ሥራ የማይወደው!
የሚቆጣው አጥቶ።"
ፈተና ግን ቀልድ አይቀበልም ከቶ።

መጽሐፉ የወንድሜ ነው፣ የይበልጣል፤
ጀርባው በፕላስተር ተይዟል፣ ገጹ ይገነጠላል፤
በየጥያቄው ላይ በእርሳስ ክብ አኑሯል።
ላጲስ ገዝቼ አንድ በአንድ አጠፋሁት፣
ለራሴ እንዲጠይቀኝ፣ እንዳዲስ አረግሁት።
አርባ አንደኛዋን ብቻ እንዳለች ተውኳት።

"የወባ ተውሳክ ከትንኝ ወደ ሰው ሲገባ፣
መጀመሪያ የት ነው የሚራባ?
ኤ፦ አንጎል፣ ቢ፦ ደም፣ ሲ፦ ጉበት፣ ዲ፦ ሳንባ።"
ይበልጣል 'ቢ'ን ከብቧል፣ ደጋግሞ፣ አጥብቆ፣
የእርሳሱ ጫፍ ከወረቀቱ ጠልቆ።
እርግጠኛ ነበር።

ያን ዓመት ውጤት ሲመጣ በሦስት ነጥብ ወደቀ።
ማንም አልተቆጣው።
በሌሊት ተነሥቶ ወደ መተማ ዘለቀ፣
ሰሊጥ አጨዳ ሊቀጠር፣
"ለአንድ ወር ነው" ብሎ፤ ይኸው ሦስት መኸር።

ትናንት ማታ ደወለ።
ኔትወርኩ እየተቆረጠ፣ ድምፁ ከስቶ እንደ ክር፤
"ታመሃል?"
"ደህና ነኝ አሁን። ትንሽ ወባ ነበር።
ስሚ ስንዱ፣ ያ መጽሐፍ አለ? አርባ አንድን አውጪው፤
ቢ ብዬ ነበር አይደል? ቢ አይደለም፣ አጥፊው።
የጤና ጣቢያው ልጅ መርፌ ሊወጋኝ መጥቶ
ነገረኝ አብራርቶ፤
ደም ውስጥ የምትገባው ኋላ ነው፣
ጉበት ትሰፍራለች አስቀድማ፣
ሳምንት፣ አሥር ቀን፤
ሰውየው ሰሊጡን ያጭዳል፣ ምንም ሳይሰማ።
ሲ ነው በይ።"
ሳቀ። ሳሉም ከሳቁ ጋር መጣ።
"ሦስት ዓመት ፈጀብኝ ይቺን ነጥብ ላመጣ።"

ስልኩ ተቋረጠ።
የውብዳር ምንም ሳትል ላጲሱን ሰጠችኝ፤ ክቡ ላይ አኖርሁት፣
እጄ እምቢ አለኝ፣ ተውሁት።
ከጎኑ በእስክርቢቶ ሲን ከበብሁ በቀስታ።
"ሁለት መልስ የከበበ ዜሮ ነው፣ ያለ ይቅርታ"
ይላሉ መምህር አትንኩት፣ "ማሽን አያዝንም"።
ይህን ገጽ ግን ማሽን አያየውም።

አንዲት ትንኝ ሻማውን ዞራ ጆሮዬ ሥር መጣች።
የውብዳር በደብተሯ መታቻት፤ ሳተች።
"አርባ ሁለት" አለች።