የማማው መዝገብ

ግንቦት ሲብት፣ የባልቲክ ባሕር ዳር በረዶውን ሲያራግፍ፣
ደንገሉ ገና ባምናው ገለባ፣ ሜዳው ገና በውሃ ሲጥለቀለቅ፣ ሲተርፍ፣
እናቴ ቀሰቀሰችኝ፦ «ሌሎ፣ ቦቲሽን አጥልቂ፤
ጎረቤታችን ማማ ሊወጣ ነው፣ አብረሽው ዝለቂ።
ደረጃው ያንሸራትታል፣ ጉልበቱም የድሮው አይደል፤
ልደግፍህ እንዳትይው ብቻ፣ ይቀየምሻል ኤንደል።»

እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እንቅልፌን ያልጠገብኩ፣
ወፍ ማለት ወፍ ነው እያልኩ፣ እያጉረመረምኩ፣
በጨለማ ተከተልኩት፣ ረግረጉ ላይ በተነጠፈው የሳንቃ መንገድ፤
ፊት ፊቴ ይራመዳል፣ ባቡር ጣቢያ እንግዳ ሊቀበል እንደሚሄድ።
አርባ ዓመት ሙሉ በጀልባ ሆድ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣
ጡረታ በወጣ ማግስት ወፍ መቁጠር የጀመረ።

ማማው ላይ ሳጥን አለ፣ በሳጥኑ ውስጥ መዝገብ፣
እርሳሱ በሲባጎ የታሰረ፣ ገጹ ጤዛ ጠጥቶ የማይጠግብ።
አጻጻፉ እንደ ባለሱቅ ዱቤ ነው፦
«ዝይ፣ አራት መቶ ገደማ። ሽመላ፣ ሁለት፣ በሣሩ መሐል።
ጅራተ ነጭ ንስር፣ አንድ። ዓሣ ነጥቆ በልቷል።
ቀበሮ በማዶ አለፈች። ጡቷ ተንጠልጥሏል፣ ወልዳለች መሰል።»
ከግርጌ ግን አንድ መስመር፣ ጠበቅ ተደርጎ የተጻፈ፣
ሦስት ጸደይ ሙሉ አንድም ፊደል ሳይለውጥ ያለፈ፦
«ፌንጣ ድምፁ፣ አልመጣም።»
«ፌንጣ ድምፁ፣ አልመጣም።»
«ፌንጣ ድምፁ፣ ዘንድሮም አልመጣም።»

«ምን ሆኖ?» ብዬ ጠየቅሁት። የሻይ ፔርሙሱን ከፈተና፣
«እንጃ» አለኝ፤ «ረጅም ነው የሚመጣበት ጎዳና።
አውራ ጣት ለምታህል ነፍስ ባሕር አለ፣ መረብ አለ ከመንገድ፤
ወይ የከረመበት ሣር ነዶ፣ ሆኖ ይሆናል አመድ።»

ጸሐይ ወጣች። ውሃው መዳብ ሆነ። እንቁራሪቱ ጸጥ አለ።
ቀንዱ ገና ያቆጠቆጠ አጋዘን፣ እግሩን በጭቃ እየተከለ፣
ቡቃያ ቀጨ፤ ቀና ብሎ አየንና «እናንተ ናችሁ?» ያለን መሰለ።

ያ ድምፅ ግን፣ ደረጃውን ከወጣን ጀምሮ ያላቋረጠው፣
ብስክሌት ገልብጠው ጎማውን በጣት ሲያሽከረክሩት የሚመስለው—
«ኤንደል፣» አልኩት፣ «ያ ማሽን የማነው?
ከቁጥቋጦው ሥር ዝዝዝዝ የሚለው?»

ኩባያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።
«የቱ?»
«ያ! አሁንም ያለው። ገና በጨለማ የጀመረ።»
መዳፉን እንደ ጽዋ አጥፎ ጆሮው ላይ አደረገ፤
ዐይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤ ፈለገ፤ ፈለገ።
ለኔ ሜዳው ሁሉ እሱ ነው፤ ለሱ ግን ጭር ያለ ዋልካ፤
ያን ቀጭን ክር የጀልባ ሞተር ድሮ በልቶበት ኖሯል ለካ።

ምንም አላለም። መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠ፤
የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ አራሰ፣ ቃል መረጠ፤
ሦስቱንም «አልመጣም» በቀጭኑ፣ እንዲነበቡ አድርጎ ሰረዘ፤
«አልሰማሁም» ብሎ ጻፈ ከላያቸው፣ ጣቱ በብርድ እንደደነዘዘ።

ከዚያማ ሥራ ተካፈልን፦ ድምፁ ከኔ፣ ስሙ ከሱ።
ጥዱ ላይ ሲር ይላል ስለው፣ «ቢጫ ዘውድ አላት?» ይላል እሱ።
አላት ስል ይጽፋል። የለም ስል አያምነኝም፣
መነጽሩን ያቀብለኛል፤ «ደግመሽ እዪ» ይላል፤ እኔም አልሰለቸኝም።

ድንገት ከደንገሉ ሆድ፣ ባዶ እንስራ አፍ ላይ እንደሚነፉ፣
ኡምብ! አለ የረግረግ በሬ፤ ሳንቃው ራደ ከሥሩ እስከ ጫፉ።
(በሬ ይሉታል እንጂ ወፍ ነው፤ ዐይን አያየውም፣ ደረት ይሰማዋል።)
ኤንደል ቀድሞኝ ዘሎ ተነሣ፦ «ይኸን ሰማሁት! ይኸን እኔ ሰማሁት!»
ፊቱ ምን እንደመሰለ እስከ ዛሬ ለሰው አልነገርሁት።

ልንወርድ ስንል ቆመ፣ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ሳለ፦
«ፌንጣ ድምፁ… አሁንም አለ?»
አዳመጥኩ። አለ። ከዚያ ቀጠነ። ከዚያ ራቀ።
«ሄደ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፦
«አልሄደም፤ ሲያዜም አንገቱን ያዞራል።
ፊቱን አዙሮ ነው። ትንሽ ጠብቂው፣ ይመለሳል።»

ጠበቅነው።
እጁ ትከሻዬ ላይ አርፏል፤
እኔ ልደግፍህ አላልኩትም።