የአደራ ውሃ

ከዚራ ላይ፣ ከጨርቅ ቤቱ ጓሮ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ፣
አንዲት ክፍል አለች፤ ከበሯ በቀር ብርሃን የማታውቅ ሌላ።
ውስጧ ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ እንቁላል ልስልስ፣
ከላዩ የመዳብ ማሰሮ፣ በቀጭን ቀዳዳ፣ ጠብ… ጠብ… የሚያለቅስ።
ከደጇ የድንጋይ በሬ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ፣
ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ስንት ዘመን ተንበርክኮ የኖረ።

(ቀንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤
እንደ ፈረስ ጋልቤው፣ ባቡሩን ልቀድም ስበር።
ለማንም አልተናገርኩም።)

ሱቁ የተወረሰ ለታ፣ ቬልጂ ጨርቅ ሻጩ ሲነሳ፣
በጅቡቲው ባቡር፣ የብረት ሜትሩን ከባንኮኒው ሳያነሳ፣
ቁልፉን ለዘበኛው ለሮብሌ ሰጠው፤ ከቁልፉም ጋር ልመና፦
«ሌላ አልልህም። ውሃ ብቻ፤ እንዳይጠማ። አማና።»

ሮብሌ፤ ስሙ በሶማልኛ «ዝናብ ያለው» ነው ትርጉሙ።
ሱብሂ ይሰግዳል፤ ከዚያ ጣሳውን ይዞ ይሄዳል በዝግታ ለዚያ ለሕልሙ፣
ለሰው ሕልም፣ ለሰው አምላክ። ከሻሂ ቤቱ ደጃፍ
«ካፊር ሆንክ እንዴ?» ይሉታል።
«ስግደቴን ጌታዬ ያውቀዋል። ይሄ የሰው አደራ ነው፤ እንዴት ልለፍ?»

ቦኖው ሦስት ሳምንት በደረቀ ጊዜ፣ ጀሪካን በወረፋ ሲያድር፣
እናቴ ፊታችንን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ፣ ግመል እንኳ ሲያማርር፣
አየሁት፤ አንዲት ብርጭቆ፣ ለልጆቹ ያልበቃ፣
ለዚያ ድንጋይ ሲያጠጣ፣ ከተማው ገና ሳይነቃ።
ተናደድኩ። «ድንጋይ ይጠማል?»

ቁጭ አለ። ቬልጂ የነገረውን ነገረኝ፦
ሺቫ ይሉታል። ወንዝ ከሰማይ ሲወርድ፣ ምድር እንዳትሰነጠቅ፣
በጸጉሩ ነው የተቀበለው፤ ጠብታ በጠብታ ነው የሚለቅ።
ዓለምን ሊገድል የነበረውንም መርዝ ጠጥቶ፣
አልዋጠውም፤ አልተፋውም፤
ጉሮሮው ላይ አቁሞት፣ አንገቱ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

«ታዲያ ወንዝ የተሸከመ፣ ከኛ ብርጭቆ ምን ይሻል?»
«እኔ እንጃ» አለ ሮብሌ። «ባለቤቱ ሲመለስ ትጠይቂዋለሽ።»

ባለቤቱ አልተመለሰም።
ደቻቱ ግን አንድ ሌሊት መጣ፤ ሳይጠራ፣ አሸዋውን ነቅሎ፣
በሩን ገንጥሎ ገባ፣ ጭቃውን እስከ ጣሪያው አዝሎ።
ሲነጋ ሮብሌ በእጁ ጠረገ፤ ድንጋዩ እዚያው፣ በሬውም እዚያው፣
እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ እንዳየ ነው።
«ዛሬስ ራሱ ጠጥቷል» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጣሳውን ይዞ መጣ።

አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው።
የፍልሰታን ጾም ይዤ፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣
በሩን እከፍታለሁ። ከሕንድ የመጣው ባጃጅ በውጭ ይጮኻል፤
የአገሩ አምላክ እዚህ እንዳለ አያውቅ።
አልሰግድም። ምን እንደምል አላውቅም። ማሰሮውን እሞላለሁ።

ስወጣ በሬውን እዳብሳለሁ፣ የተሰበረውን ቀንድ።
ሮብሌ ማን እንደሰበረው ሳልነግረው ሞተ።
እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤
አልዋጥኩትም፤ አልተፋሁትም።

ከኋላዬ፣ በጨለማው፣
ጠብ…