ሐረጎን የሚወርዱ

ግማሽ ጠርሙስ አሴቶናይትሪል ቀረኝ፤
የሚመጣው ሚሌ ላይ ነው፣ ሾፌሩ ትናንት ነገረኝ።
“ጎማ” ይላል፣ “ወረቀት” ይላል፣ “ነገ” ይላል፤
ነገ ግን ከጅቡቲ እስከ ኮምቦልቻ ስንት ቀን ይሆናል?

ጠረጴዛው ላይ አንድ ክኒን አለ፣ ነጭ፣ መሐሉ የተሰመረ፤
በውስጡ ሁለት ባዕድ ነገር ተቃቅፎ የቀረ።
አራተኛውና አምስተኛው በአንድ ደቂቃ ይወጣሉ፣
በአንድ ጉብታ ተጠቅልለው “አንድ ነን” ይላሉ።
ፋብሪካው ግን “ለዩልኝ” ይላል፤ “እያንዳንዱ ስንት ነው?”
ለዚህ ነው ደሞዜ፤ ለዚህ ነው ሌሊቱን የማነጋው።

ጋሽ እንድሪስ፣ ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበሩ፣
በሙከራ ነበር የሚያውቁት፤ በእጃቸው ነበር የሚቆጥሩ።
ዛሬ ሰላሳ በመቶ፣ ነገ ሰላሳ ሁለት፣
ከነገ ወዲያ “እስቲ ደግሞ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት”።
ሰባት ደብተር ሞሉ፤ ስምንተኛው ግማሽ ላይ ቆመ፤
በርሜሉ አለቀ እንጂ ሰውየው መች ደከመ።
ጡረታ ሲወጡ ስምንቱንም አሸከሙኝ፤
“ያልሄድኩበት መንገድ አልተጻፈም፤ እሱን አንቺ ፈልጊልኝ።”

አንድ ቀን ለታናሽ ወንድሜ ሥራዬን ስነግረው
በሐረጎ ነው የጀመርኩት፤ ሌላ ምሳሌ ምን አለ ለኛ ሰው?
ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ፣ ሁለት አይሱዙ እኩል ይነሳሉ፤
ጭነታቸው አንድ ነው፤ ሾፌሮቹ ግን ይለያያሉ።
አንዱ በየጠመዝማዛው የሚያውቀው ሰው አለው፤
ዳር ይይዛል፣ “ደህና አደርክ” ያለውን ሁሉ ሊመልሰው።
ሌላው ማንንም አያውቅ፤ ቁልቁል ዝም ብሎ ይነዳል፣
ጓደኛው ሰላምታ ላይ ሳለ እሱ ቦርከናን ይሻገራል።
አምዱም እንዲሁ ነው፣ አንድ ስንዝር የብረት ሐረጎ፤
ዱቄቱን የወደደ ይዘገያል፣ ያልወደደው ይወጣል ሮጦ።

አሁን ግን ለሺህ መንገድ የሚሆን ፈሳሽ የለም፤
አራት ጊዜ ብቻ ነዳሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።
ሁለቴ በሰላሳ ዲግሪ፣ ሁለቴ በሃምሳ፣
አንዱን በሩጫ አንዱን በእርጋታ፤ ጠርሙሱ በየዙሩ እየሳሳ።

የመውጫ ሰዓታቸውን ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት፤
ከአራቱ ነጥብ መስመር አሰመረ፣ መስመሩንም ተከትሎ ሄደበት
ወዳልሄድንበት። አንድ ጠብታ ሳያፈስ፣
አንድ ፓምፕ ሳያስነሳ፣ ሳይሸት፣ ሳይቀምስ፣
የዓመታት ሙከራ በሃያ ደቂቃ ሠራ፤
ስክሪኑ ላይ ካርታ ዘረጋ፣ እንደ ጦሳ ተራራ፦
ቀዩ ከፍታ የሚለያዩበት፣ ሰማያዊው የሚዋጡበት ሸለቆ፤
ለካ ጋሽ እንድሪስ ሰባት ደብተር የዞሩት እዚሁ ታች ነው፣ ከጫፉ ሁለት ዲግሪ ርቆ።

ልደውልላቸው ስልኬን አነሳሁ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ተውኩት።

“አርባ አንድ ዲግሪ፣ አስራ ዘጠኝ ደቂቃ” አለ ሞዴሉ፤
“አራተኛውና አምስተኛው እዚህ ይለያሉ።”
መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። መብራት መጣ።
ምድጃው አርባ አንድ እስኪሞላ ቆምኩ፤ ዓይኔ ከቁጥሩ ሳይወጣ።

አምስተኛውን ነዳሁ፤ የእውነቱን።
ወጡ፦ አራተኛው። ሜዳ። አምስተኛው።
በሞዴሉና በእውነቱ መሐል ያለው ስድስት ሰከንድ ነው።
ላጨበጭብ ያነሳሁት እጄ አየር ላይ ቀረ፤
ሜዳ ያልኩት ላይ አንድ ትንሽ ጉብታ ነበረ።

ሞዴሉ አላወቀውም፤ ማን አስተዋወቀው?
በአራቱም መንገድ ከጎረቤቱ ጀርባ ተደብቆ ነው ያለፈው።
ስም የለው፣ መስመር የለው፣ ቀለም የለው በካርታው፤
ሁለቱ ገለል ሲሉለት ነው ያየሁት፣ ቆሞ በቦታው።

ስምንተኛውን ደብተር አወጣሁ፣ ግማሽ ላይ የቆመውን፤
ከእሳቸው የመጨረሻ መስመር ሥር ጻፍኩ ቀኑን፦
“አስራ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ያልታወቀ። ሉባባ ይመር።”

ጠርሙሱን አዘነበልኩት፤ ሁለት ጣት ቀርቷል።
በመስኮቱ፣ ሐረጎ ላይ፣ የመኪና መብራት አንድ በአንድ ይወርዳል።
አንዱ ጠመዝማዛው ላይ ቆሟል።
ማንን አግኝቶ ይሆን?