ካሥር ስንት?

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ የጣልያን ምግብ ቤት፣
ልጄ ይዛኝ ገባች በጡረታዬ ለት።
የጠረጴዛው ልብስ ቀይና ነጭ ዳማ፣
አባ ኮዳው ውጪ ያሣ አንጀት ሲሻማ።

ስፓጌቲ አዘዝን። ሰዓቱ ነጎደ።
ዳቦው ብቻ መጣ፣ እሱም የበረደ።
«ታገሥ፣ አዲስ ናቸው» ትላለች ብሩክቴ፤
እንደ ዕረፍት ደወል ይጮሃል አንጀቴ።

ሳህኑ ሲደርስማ ፓስታው ገንፎ መስሏል፣
ስጎው ሚጥሚጣ ነው፣ ፎርማጆው ተረስቷል።
ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴን አሳከከኝ፤
ሠላሳ ዓመት ማረም አመል ሆኖ ቀረብኝ።

«ቲቸር፣ አወቁኝ ወይ? ላታሞ ነኝ» አለ፤
ትከሻው ሰፍቷል፣ ሳቁ ግን እንዳለ።

«ጣልያን የቷ?» ስለው ካርታ ፊት አቁሜ፣
ጣቱ ማዳጋስካር። ሦስት ሰጠሁ አርሜ።
ከዐሥር። ሦስት።
ክፍሉ ሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።
መቼ እንደቀረ ግን ልቤ አላወቀ።

ዛሬ ያቺን ጣልያን በሰሃን አመጣት፤
ቢዘገይ፣ ቢያሟሟት፣ ፈልጎ ግን አላጣት።

ሂሳቡ ተከፍሎ፣ ቅጽ አምጥቶ ሰጠኝ፤
«ምግብ፣ መስተንግዶ፣ ካሥር ስንት?» አለኝ።
ለምግቡ አልዋሸሁም፤ ያየሁትን፣ አራት።
መስተንግዶው ላይ ግን እጄን ያዛት ፍራት።

«አባዬ፣ እንሂድ እንጂ!» ትላለች ልጄ፤
ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ቀረ እጄ።
እሱ ከኋላዬ ቆሞ
ፎጣውን ያጥፋል፣
ይዘረጋል፣
ያጥፋል።